የምትገለበጠው ጋሪ፣ የማትነሳው ሄሊኮፕተርና የአንዲት እናት ጥያቄ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ናቸው። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ይባላል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ስኳድ የተባለ ድርጅት ነው የሠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ሙሉ እትሙ በ2015 ወጣ። ተጫዋቹ ሮኬቱን ከቁርጥራጭ ክፍሎች ራሱ ይገጣጥማል፤ ያስወነጭፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው የፊዚክስ ሕግ ነው። መነሻዋ ፕላኔት ኬርቢን ትባላለች። ከመሐሏ እስከ ገጿ የተለካ ርቀቷ፣ ማለትም ሬዲየሷ፣ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ስበቷ ከእኛዋ መሬት ጋር እኩል ነው። ሙንና ሚንመስ የተባሉ ሁለት ጨረቃዎች አሏት። ዱና የምትባለው ቀይ ጎረቤቷ ደግሞ የማርስ አምሳያ ነች።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን ጨዋታ ስወደው ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ብረዝም ታገሱኝ።

*

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዳማ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመት። ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ ሠርቻለሁ። ኬርቢን ማኮብኮቢያው ላይ ስነዳት ምንም እንከን አይወጣላትም። ሚንመስ ላይ ግን ፍጥነቷ በሰከንድ 8 ሜትር ሲደርስ በአፍንጫዋ ተተክላ ትገለበጣለች። ጎማ ቀየርኩ፣ ሰፋ አደረግኳት፣ ባትሪውን ወደ ኋላ ወሰድኩ፣ የፊት ፍሬኑን አጠበቅኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ የጠቀመኝ «በአፍንጫዋ ተተክላ» ያልከው ነው። ወደ ጎን ብትወድቅ ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር። አዳማ ነህና ባጃጅ በደንብ ታውቃለህ። ባጃጅ ፈጥኖ ሲታጠፍ ወደ ጎን ነው የሚያዘነብለው። የአንተዋ ግን ቀጥ ብላ እየሄደች ነው በአፍንጫዋ የምትተከለው። ስለዚህ ማስፋትህ አልረዳህም፤ ሊረዳህም አይችልም።

እንደኔ ጥፋተኛው እጅህ ነው፤ ማለትም ቁልፉ። ጨዋታው እንደመጣ ሲሆን ደብሊው የሚለው ቁልፍ ሁለት ሥራ አለው። ጎማውን ወደፊት ይነዳል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ የተሽከርካሪዋን አፍንጫ ወደ ታች ይደፋል። ለመንኮራኩር ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሏ ውስጥ ሪአክሽን ዊል የሚባል የሚሽከረከር መዘውር አለ፤ የሚደፋት እሱ ነው። ኬርቢን ላይ ክብደቷ ስለሚይዛት መዘውሩ ሊያነሳት አይችልም፤ አንተም አታስተውለውም። ሚንመስ ላይ ግን ስበቱ የኬርቢን 1/20ኛ ነው። 2 ቶን የምትመዝን ተሽከርካሪ ኬርቢን ላይ መሬቱን ወደ 20,000 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ትጫናለች። ሚንመስ ላይ 1,000 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። የመዘውሩ ጉልበት ግን እዚያም እዚህም ያው ነው። ስለዚህ ኋላዋን ብድግ ያደርገዋል።

መላው ቀላል ነው። ወደ ቅንብሩ ግባና የጎማ መንጃውን ወደ ሌሎች ቁልፎች አዛውረው። ወይም መቆጣጠሪያ ክፍሉን በቀኝ ጠቅ አድርገህ የመዘውሩን ኃይል አጥፋው። ሌላ ምንም ነገር ሳትነካ አንድ ጊዜ ንዳት። አንድ ነገር ብቻ ቀይር።

ፍሬኑን ደግሞ መልሰህ አላላው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሚንመስ ላይ ክብደቷ ቢቀንስም መጠነ ቁሷ አልቀነሰም። በ8 ሜትር ፍጥነት የምትሄድ 2 ቶን፣ የትም ብትሄድ ለማቆም ያው ልፋት ነው። ጎማ መሬትን የሚይዘው ግን በክብደት ነው። በወረቀት አስላው። ጎማው ያለ መንሸራተት በሚችለው ሁሉ ቢይዝ እንኳ ኬርቢን ላይ ከ4 ሜትር ባነሰ ርቀት ትቆማለህ። ሚንመስ ላይ 65 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። የፊቱን ፍሬን ስታጠብቅ ደግሞ ያቺን ትንሽ የኋላ ክብደት ወደ ፊት ትገፋታለህ፤ ያው መገልበጥ ነው። የኋላ ጎማዎች ቢይዙ፣ የፊቶቹ ጭራሽ ባይዙ ይሻላል።

ጉብታውም አለ። ጎማህ ትንሽ ጉብታ ነክቶ በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ወደ ላይ ቢወረውርህ፣ አየር ላይ የምትቆየው 4 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ 32 ሜትር ትጓዛለህ፤ መሪም ፍሬንም የለህም። ኬርቢን ላይ ያው ጉብታ 1 ሜትር ተኩል ያህል ነበር የሚያስኬድህ።

«ታዲያ ሚንመስ ድረስ እየተላከች በየጊዜው መሞከር አለባት?» ትለኝ ይሆናል። የለባትም። አልት እና ኤፍ 12ን አንድ ላይ ስትጫን የሚከፈተው መስኮት ውስጥ የስበት ኃይሉን መቀነሻ አለ። ሰዎች ማጭበርበሪያ ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለሙከራ ከሆነ ቤተ ሙከራ ነው።

እውነተኞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አሜሪካኖቹ ጨረቃ ላይ ማረፍን መሬት ላይ ለመለማመድ ሲፈልጉ፣ ክንፍ የሌላት፣ እግሮቿ የቀጠኑ፣ የአልጋ ብረት የምትመስል መብረሪያ ሠሩ። መሐሏ ላይ አንድ ጄት ሞተር ወደ ታች ተተክሏል። ሥራው 5/6ኛውን ክብደት መሸከም ብቻ ነበር። አብራሪው በሌሎቹ ትንንሽ ሮኬቶች የሚይዘው ቀሪውን 1/6ኛ ነው፤ ልክ ጨረቃ ላይ እንደሚሆነው። ኒል አርምስትሮንግ ሜይ 6 ቀን 1968 በዚህች ማሽን ሲለማመድ ከቁጥጥሩ ውጪ ሆነችበት። በማስፈንጠሪያ ወንበሩ ወጥቶ በጃንጥላ ወረደ፤ ማሽኗ ተከስክሳ ተቃጠለች። ከ14 ወራት በኋላ ጨረቃ ላይ አረፈ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ፤ ስነግራቸው ሁልጊዜ ሰውነቴን ይወረኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርህ፤ ደብዳቤህን ሳነብ ያስደሰተኝ ይህ ነው። አንተን ያስቸገረህ ያ መዘውር ሌላ ቦታ መጓጓዣ ሆኗል። በሴፕቴምበር 2018 የጃፓኗ ሃያቡሳ 2 መንኮራኩር ሪዩጉ በተባለ አስትሮይድ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ሁለት ትንንሽ ማሽኖች ጣለች። ሚኔርቫ ይባላሉ። ጎማ የላቸውም። የሪዩጉ ስፋት 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስበቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ጎማ እዚያ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ሆዳቸው ውስጥ ሞተር ይሽከረከራል። በዚያ ግፊት አካላቸው ይፈነጥራል፤ ይዘላሉ። አንተ ጥፋት ያልከውን እነሱ እግር አደረጉት።

እኔም ሚንመስ ላይ ጎማ ትቻለሁ። «ፌንጣ» የምላት አለችኝ። ሦስት እግር፣ አንድ ትንሽ ሞተር፣ አንድ የነዳጅ ጋን። በ45 ዲግሪ አጋድላ በሰከንድ 22 ሜትር ከተነሳች 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዘላለች። አየር ላይ የምትቆየው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። አንተ በጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅብሃል፤ ካልተገለበጥክ። የመጀመሪያዋ ፌንጣ ግን ስታርፍ እየነጠረች መልሳ ትነሳ ነበር። አራት ቀን ፈጀብኝ። የእግሮቿን ምንጭ አላላሁ፣ አጠበቅኩ፣ ሞተሩን ቀየርኩ። ምክንያቱን ያገኘሁት ደብተሬን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ነው። መሬት ስትነካ ሞተሩን የማጠፋው ዘግይቼ ነበር። ከሜዳው 2 ሜትር ያህል ሲቀራት አጥፍቼ መጣል ጀመርኩ። ከዚያ ከፍታ የምትወድቅበት ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

ስለ ደብተሩ አንድ ቃል። ባለ ካሬ ደብተር ግዛ። በእያንዳንዱ ሙከራ ፊት ሁለት መስመር ጻፍ፤ ምን እንደቀየርክና ምን ይሆናል ብለህ እንደምትጠብቅ። ከማስወንጨፍህ በፊት ነው የምትጽፈው፤ በኋላ አይደለም። በኋላ ከሆነ ማንም ሰው «ገምቼ ነበር» ይላል። አንተ በአሥራ አንድ ሙከራ አራት ነገር ቀይረሃል። የትኛው ምን እንዳመጣ ግን ከደብዳቤህ ላውቅ አልቻልኩም። አንተም ያወቅከው አይመስለኝም።

*

«ሰላም መምህር፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልዎ። ለዱና የሚሆን የኤሌክትሪክ ሄሊኮፕተር ሠራሁ፤ ከላይ አንድ ሮተር ብቻ። ኬርቢን ላይ ስትነሳ አካሏም ይሽከረከር ነበር። ጅራቷ ላይ ትንሽ ፕሮፔለር አድርጌ አስተካከልኩት። በስንት መከራ ዱና አደረስኳት። እዚያ ግን ምላጩ ይሽከረከራል እንጂ ከመሬት አልተላቀቀችም።»

እህቴ፣ ያን ያህል መንገድ ሄዶ አለመነሳት እንዴት እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። የሠራሽው ስህተት ግን ትንሽ ነው። የዱና ስበት የኬርቢን 3/10ኛ ነው። ይህ ይጠቅምሻል። የአየሯ እፍግታ ግን መሬት ላይ የኬርቢን 1/8ኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ይጎዳሻል፤ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ይበልጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሰቢ፣ ዱና ላይ ለመነሳት ኬርቢን ላይ ከሚያስፈልግሽ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል የሚያነሳ ምላጭ ያስፈልግሻል።

ከዚህ አንድ ጥሩ የሙከራ መንገድ ይወጣል። ሄሊኮፕተርሽ 2 ቶን ከሆነች ኬርቢን ላይ የነዳጅ ጋን ጫኚባትና ጠቅላላው 5 ቶን እስኪሆን አክብጃት። ምላጩ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው አንግል እየዞረ 5 ቶኑን ካነሳ፣ ዱና ላይ ባዶዋን ትነሳለች። ካላነሳ አትላኪያት። አንዲት ከሰዓት በኋላ በቂ ነች። ሌላም መንገድ አለ። ኬርቢን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ከዱና ምድር ግፊት ጋር በግምት እኩል ነው። በሮኬት ወደዚያ ወስደሽ ልቀቂያትና ምላጩ አየሩን ይይዝ እንደሆነ እዪ። እኔ ግን ጋን መጫኑን እመርጣለሁ፤ ቁጥር በእጅሽ ይገባል።

የጨዋታው ሮተር በደቂቃ ከ460 ዙር በላይ አይሄድም። ስለዚህ ፍጥነት በመጨመር አትወጪውም። ወደ ትልልቅ ምላጭና ወደ ብዙ ምላጭ ሂጂ። ጅራቱን ደግሞ ተይው። ሁለት ሮተር አንዱን ከሌላው በላይ አድርጊ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዙሩ። አንዱ አካሏን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ሌላው ወደ ቀኝ ይመልሳታል። የጅራቱ ፕሮፔለር በቀጭን አየር ይዳከማል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክም ለማንሻ አይሆንም። የሁለተኛውን ሮተር ምላጮች አንግል መገልበጥሽን እዪ። ካልገለበጥሽው አንዱ ወደ ላይ ሲያነሳ ሌላው ወደ ታች ይጫናል። በዚህ የተነሳ ስንቱ ተጫዋች ሮተሩን ሲረግም እንደዋለ!

ማርስ ላይ የበረረችው ትንሿ ሄሊኮፕተር፣ ኢንጅኑዪቲ፣ የተሠራችው እንደዚሁ ነው። 1.8 ኪሎ ግራም፤ ሁለት ተቃራኒ ሮተር፤ እያንዳንዱ ስፋቱ 1.2 ሜትር። የማርስ አየር የእኛን 1/100ኛ ያህል ስለሆነ ምላጮቿ በደቂቃ ከ2,400 ዙር በላይ ይሄዱ ነበር። ከመላኳ በፊት ካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ትልቅ የብረት ክፍል ውስጥ አስገቧት። አየሩን መጥጠው አሳሱት። የመሬትን ስበት ለማቅለል ደግሞ በቀጭን ገመድ ከላይ ሳብ አድርገው ያዟት። አንቺ በጋን የምታደርጊውን እነሱ በገመድ አደረጉት። ኤፕሪል 19 ቀን 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ 3 ሜትር ተነስታ 39 ሰከንድ በረረች። የታቀደላት እስከ አምስት በረራ ነበር። 72 ጊዜ በረረች። በጃንዋሪ 2024 ምላጯ ተጎድቶ አቆመች።

ያንን የመጀመሪያ በረራ በስልኬ ነው ያየሁት። ክፍል ልገባ ነበር፤ ቆም ብዬ ጨረስኩት።

*

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ጨዋታውን የገዛሁለት ሮኬት ይማርበታል ብዬ ነው። እሱ ግን እግር ያለው፣ እንደ ሸረሪት የሚራመድ ነገር ሲሠራ ሳምንቱን ይጨርሳል። ይወድቃል፣ እንደገና ይሠራል። ቁም ነገር ወዳለው ነገር እንዴት ልመልሰው?»

እህቴ፣ አክብረው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሐሳብዎ ይገባኛል። የእኔ መልስ ግን አይመልሱት ነው።

ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ማርስ በላኳት ማርስ 3 ውስጥ ጎማ የሌላት፣ በሁለት የበረዶ መንሸራተቻ በሚመስሉ እግሮች የምትራመድ ትንሽ ሣጥን ነበረች። በ15 ሜትር ገመድ ከማረፊያው ጋር ትያያዛለች። ማረፊያው ማርስን በነካ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድምፁ ስለጠፋ ሳትራመድ ቀረች። ያሰቧት ሰዎች ግን ቁም ነገረኞች ነበሩ። ጎማ እዚያ መሬት ላይ ይሠራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 900 ኪሎ ግራም የሚጠጋውን ኪውሪዮሲቲ የተባለ የናሳ ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ያወረደው በሮኬት ኃይል አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቆመ ክሬን ነው። በናይለን ገመድ ቀስ አድርጎ አወረደው፤ ገመዱን ቆርጦ ራሱ ርቆ ሄዶ ወደቀ። ይህንን አንድ ልጅ ወረቀት ላይ ሥሎ ቢያሳየን «አይሆንም» የምንለው እኛ ነን።

ሸረሪት ማራመድ ደግሞ ከባድ ፊዚክስ ነው። አንድ እግር ሲነሳ የክብደት ማዕከሉ በቀሩት እግሮች መሐል መቆየት አለበት። ካልቆየ ትወድቃለች። ልጅዎ በመውደቅ እየተማረ ያለው ይህን ነው። እኔ ይህን በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ከዚያም በኋላ ግማሹ ተማሪ አይገባውም።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዓቱ። የእንቅልፍ ሰዓቱን ከበላበት ይከልክሉት፤ በዚያ እንስማማለን። ከዚያ ውጪ ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቅዳሜ አንድ ቡና አፍልተው አጠገቡ ይቀመጡ። ከማስነሳቱ በፊት «አሁን የትኛው እግር ነው የሚነሳው? ወደ የት ነው የምታጋድለው?» ብለው ይጠይቁት። በአማርኛ ያስረዳዎት። «ሴንተር ኦፍ ማስ» ቢልዎት «የክብደት ማዕከል ማለትህ ነው» ይበሉት። ከወደቀች ለምን እንደወደቀች አንድ ምክንያት ይናገር፤ ያንን ብቻ ቀይሮ እንደገና ይሞክር። ሸረሪቷ አሥር እርምጃ ስትሄድ ይጻፉልኝ፤ ስንት እግር እንዳላትም ይንገሩኝ።

*

አንድ አጭር ደብዳቤ ቀረችኝ፤ ከሐዋሳ። «አውሮፕላኔ ስትነሳ ጥሩ ነች፤ ነዳጇ ሲያልቅ ግን ወደ ኋላ ትገለበጣለች» ይላል። የነዳጅ ጋኑ ከፊት ስላለ ነው። ነዳጁ ሲቃጠል ክብደቷ ወደ ኋላ ይሸሻል። መገጣጠሚያው ክፍል ውስጥ ጋኑን ባዶ አድርገህ የክብደት ማዕከሏን የምታሳየውን ቢጫ ኳስ እያት። የክንፎቹን የማንሳት ኃይል ማዕከል ከምታሳየው ሰማያዊ ኳስ ኋላ ከሄደች ጋኑን ወደ መሐል አምጣው።

ቀጣይ ደብዳቤ ስትልኩልኝ የተሽከርካሪያችሁን ጠቅላላ ክብደት፣ የሞከራችሁበትን ቦታና መጨረሻ ላይ የቀየራችሁትን ነገር ጻፉልኝ። ፎቶ ካለ በጎን የተነሳ ይሁን፤ ከፊት የተነሳ ፎቶ ክብደቱ የት እንዳለ አያሳይም።